ስክሪኑ ላይ አክንባሎ ታየ፣ ከስሩ ያለው ግን ምንድን ነው?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ ባለ አራት ጎማ ጋሪ ስገፋ ያየኝ ሰው ሁሉ ሳር ማጨጃ ነው የመሰለው፣ አንዱማ «አስፋልት ላይ ምን ሳር አገኘህ?» ብሎ ስቆብኝ አለፈ። ጋሪዋ ጂፒአር ትባላለች፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር በሬዲዮ ሞገድ የምትፈልግ ራዳር ናት፣ እኔም እንጀራዬን የምበላው በሷ ነው። ባለፈው እትም በሁለት መስመር ጠቅሻት ባልፍ ጥያቄው ጎረፈ፣ ግማሹ ስለ ወርቅ ነው፣ ምን ይደረጋል ጎንደር ነው። የተመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌ፣ የማንንም ስም ሳልጠራ፣ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ የአዘዞ ሰው ነኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በጣሊያን ጊዜ ልጅ ነበር፣ ጣሊያኖቹ ሊወጡ ሲሉ ግቢያችን ዳር ካለው ዋርካ ስር ሣጥን ሲቀብሩ አይቻለሁ እያለ ነው የሞተ። አሁን አንድ ሰው መጥቶ ማሽን አለኝ፣ 60 ሺህ ብር ክፈሉኝ፣ ወርቅ ከሆነ ወርቅ ብረት ከሆነ ብረት ብሎ ይነግራችኋል አለን። ማሽኑ እንደ ሽቦ ያለ አንቴና አለው፣ ሰውየው በእጁ ይዞት ሲሄድ አንቴናው ዞር ይላል። ልጆቼ እንክፈል ይላሉ፣ እኔ ልቤ አልቆረጠም።»

መልስ፦ እትየ፣ እንኳንም ልብዎ አልቆረጠ። ብሩን መቀነትዎ ላይ ይቋጥሩትና ይቀመጡ። ያ በእጅ ተይዞ የሚዞር አንቴና ራዳርም አይደል ሜታል ዲቴክተርም አይደል፣ የሚዞረው የሰውየው እጅ ትንሽ ሲያዘነብል ነው፣ በቃ ሌላ ምንም የለውም። ይሄ ማታለያ ደግሞ የኛ አገር ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ኤዲኢ 651 የሚባል እንደዚሁ ባለ አንቴና እጀታ ኢራቅ ውስጥ ቦምብ ያገኛል ተብሎ በብዙ ሺህ ዶላር ሂሳብ ለኬላ ጠባቂዎች ተሽጦ ነበር፣ ተፈትቶ ሲታይ ውስጡ የሚሠራ ነገር የለም፣ ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ የሚባል እንግሊዛዊ በ2013 እንደ ፈረንጆቹ 10 ዓመት ተፈረደበት። እሱ ቦምብ ብሎ ሸጠ፣ የእርስዎው ደግሞ ወርቅ ይላል።

እሽ፣ ትክክለኛው ጂፒአርስ ይላሉ። እሱም ቢሆን «ወርቅ ነው» አይልም። ሥራው ቀላል ነው፣ ወደ መሬት ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ ከአንድ ዓይነት ነገር ወደ ሌላ ዓይነት ሲሻገር ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል። ማሽኑ የሚያውቀው ምን ያህል እንደተመለሰና ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሰው ግምት ነው፣ ባለሙያ ይሁን ሌባ። ወርቅ የሞላ ሣጥን፣ ጥይት የሞላ ሣጥን፣ የተጣለ የበርሜል ክዳን፣ ሦስቱም ለራዳር መስታወት ናቸው፣ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ ነው የሚመልሱት፣ ስክሪኑ ላይ የሚለይ ቀለም የላቸውም። «ወርቁ ቢጫ ሆኖ ይታያል» የሚል ሰው ከገጠመዎ ቀለሙን የመረጠው ሶፍትዌሩ ላይ ራሱ ሰውየው ነው፣ ቢፈልግ ሐምራዊ ያደርገዋል።

አባትዎ ያዩት ግን እውነት ሊሆን ይችላል፣ አልቀልድም። ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ላይ የመጨረሻውን ትልቅ ውጊያ የተዋጋው እዚሁ ጎንደር ነው፣ እጁን የሰጠውም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነው። እኔ ብጠየቅ እንደዚያ ተቸኩሎ በተቀበረ ሣጥን ውስጥ ከወርቅ ይልቅ ጥይት ወይ የእጅ ቦምብ ይኖራል ብዬ ነው የምገምተው፣ የዚያ ዘመን ፈንጂ ደግሞ ስላረጀ ሞተ ማለት አይደለም፣ ሲዝግ እንዲያውም ይብሳል። ስለዚህ ልጆቹ ዶማ እንዳይዙ ይማሏቸው፣ የጥይት ቀለህ ወይም የዛገ ብረት ነገር ብቅ ካለም ሳይነኩ ለፖሊስ ነው። ቅርስ ነገር ከሆነ ደግሞ በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 አለ፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው፣ ድንገት ያገኘም ሰው ማሳወቅ አለበት። ግቢው የእርስዎ ስለሆነ ብቻ ከስሩ ያለው የእርስዎ አይሆንም።

ጥያቄ፦ «ማራኪ በኩል ጂ+4 ልጀምር ነው፣ ስካቫተር ሰኞ ይገባል። ጎረቤቶች በግቢው ስር የድሮ የውሃ መስመር ያልፋል ይላሉ፣ ፕላን የሚባል ነገር የለም። ጂፒአር ያገኘዋል ወይ? ጥልቀቱንስ በትክክል ይናገራል? ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ንገረኝ።»

መልስ፦ ማግኘቱን ብዙ ጊዜ ያገኘዋል፣ ጥልቀቱ ላይ ግን እኔ ራሴ ተዋርጄበታለሁና ከዚያ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመት በፊት ነው፣ ቆላ ወርጄ አሸዋማ መሬት ላይ ስሠራ ሰነበትኩና ተመልሼ እዚሁ ከተማ አንድ ግቢ ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ ቱቦ። ደስ ብሎኝ ጠመኔ አወጣሁና መሬቱ ላይ «1.80» ብዬ ጻፍኩ፣ የስካቫተሩን ሹፌርም እስከ ሜትር ከሃምሳ አትፍራ አልኩት። አንድ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ውሃው ፈንድቶ ተነሣ፣ ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ላይ የቆምን ነው የመሰለኝ፣ ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች ራሰ፣ ሰፈሩ ሁለት ቀን ውሃ አጣ፣ ጀሪካን ይዘው በአጠገቤ ያለፉ እናቶች ያዩኝ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ምን ሆኖ ነው? ማሽኑ እኮ ሜትር አይለካም፣ የሚለካው ጊዜ ነው። ያን ቀን ሞገዱ ቱቦው ጋ ደርሶ ለመመለስ 24 ናኖሰከንድ ፈጀበት፣ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ጊዜውን ወደ ጥልቀት ለመቀየር ሞገዱ በዚያ አፈር ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ማወቅ አለብህ። አየር ላይ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሳንቲም ይሄዳል፣ ደረቅ አሸዋ ውስጥ 15 ገደማ፣ እርጥበት ባለው የኛ ዓይነት አፈር 8 ወይም ከዚያ በታች፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ 3 ሳንቲም ትንሽ አለፍ ይላል፣ ማለትም ሞገዱን የሚያዘገየው በዋናነት ውሃ ነው። እኔ ደግሞ ሶፍትዌሩ ላይ የቆላውን 15 ረስቼ ትቼዋለሁ። 24 በ15 ሲባዛ 360፣ መሄጃና መመለሻ ስለሆነ ለሁለት፣ 180 ሳንቲም። የግቢው አፈር ግን ባለ 8 ነበር፣ 24 በ8 192፣ ለሁለት፣ 96 ሳንቲም። ያው ሲግናል ነው፣ ያው ቱቦ ነው፣ አንዲት ቁጥር ሳልቀይር ቱቦውን እጥፍ ሊሆን ምንም እስካይቀረው አወረድኩት።

ስለዚህ የጠራኸው ሰው ጥልቀት ሲነግርህ «ፍጥነቱን ከየት አመጣኸው?» በለው። ጥሩው መልስ በአቅራቢያው ማንሆል ወይም ቫልቭ ከፍቼ የቱቦውን ጥልቀት በሜትር ለክቼ ማሽኑን በሱ አስተካከልኩ የሚል ነው። ሁለተኛው ጥሩ መልስ ስክሪኑ ላይ ካለው ቅስት ተነሥቼ አሰላሁት የሚል ነው፣ ስለሱ ከታች ለተማሪው የመለስኩትን አንብብ። «ማሽኑ ራሱ ያውቃል» ካለህ ሂሳቡን ሳትከፍል ሸኘው።

አካሄዱ ላይም ሁለት ነገር። ቱቦ የሚገኘው አቋርጠህ ስትሄድ ነው እንጂ እሱን ተከትለህ ስትሄድ አይደለም፣ ተከትለኸው ከሄድክ እንደ አፈር ንጣፍ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው፣ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል። ስለዚህ ግቢውን በሁለቱም አቅጣጫ በየ50 ሳንቲሙ መስመር እያደረግክ ማስኬድ ነው፣ እንደ መረብ፣ ቅስቶቹ በሦስት በአራት መስመር ላይ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ ቱቦ ነው፣ አንዱ መስመር ላይ ብቻ ከታየ ድንጋይ ነው ብለህ እለፈው። አንቴናው 400 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቢሆን ለውሃ መስመር ይስማማል፣ አፈሩ ከፈቀደ ሁለት ሜትር ገደማ ያሳይሃል። ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ጥቃቅኑን አጥርቶ ያያል ግን ጥልቅ አይወርድም፣ ዝቅ ያለው ይወርዳል ግን ጥቃቅኑን ይስተዋል፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሁለቱንም አታገኝም። እንደ ግምት መያዣ እኛ የምንለው አንድ ሜትር ላይ ያለ ነገር ቢያንስ 10 ሳንቲም ይወፍር ነው፣ ስለዚህ ወደ ቤት የምትገባ ቀጭን የግማሽ ኢንች ቱቦ አንድ ሜትር ላይ ካለች አትጠብቃት።

ምልክት ከተደረገ በኋላም ቢሆን የመጀመሪያውን ጉድጓድ በሰው እጅ አስቆፍር፣ በአካፋ። ሰኞ ያልከውን ስካቫተር ወደ ረቡዕ ግፋው።

ጥያቄ፦ «ጂኦሎጂ ነው የምማረው። ቱቦ ከላይ ሲቆረጥ ክብ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ግን የተደፋ ቅስት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ለምን? ደግሞስ ባዶ ቦታና ብረት በምን ይለያል?»

መልስ፦ ጎበዝ፣ የልብ አድርስ ጥያቄ ነው። እናትህ ምጣድ ላይ የምትደፋውን አክንባሎ ከጎን ቁጭ ብለህ አስበው፣ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ግራና ቀኙ ወደ ታች የሚወርድ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው እሱ ነው። ምክንያቱ አንቴናው እንደ ባትሪ መብራት ጠባብ ጨረር የለውም፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይረጫል፣ ስለዚህ ቱቦው ላይ ገና ሳትደርስ፣ አንድ ሜትር ሲቀርህ ቱቦውን በሰያፍ ያየዋል። በሰያፍ ሲያየው መንገዱ ይረዝማል፣ ሲረዝም ጊዜው ይረዝማል፣ ጊዜው ሲረዝም ማሽኑ ምስኪኑ ቀጥታ ከስሬ ነው ያለው ብሎ ስለሚያምን ጠልቆ ነው የሚስለው። እየቀረብክ ስትሄድ መንገዱ ያጥራል፣ ምስሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልክ ከላዩ ስትሆን ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ አልፈኸው ስትሄድ መልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ቱቦው ያለው የአክንባሎው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ ክንፎቹ ቱቦ አይደሉም፣ ጥላ በላቸው። አንድ ጊዜ አንድ የቀን ሠራተኛ ስክሪኑን አይቶ «ጋሼ ይሄማ ዋሻ ነው» ብሎ ሁለቱን ክንፍ እንደ ጣሪያ አንብቦት ነበር፣ አልፈርድበትም፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን እንደሱ ነበርኩ።

አሁን ከላይ ጂ+4 ለሚጀምረው ሰው ቃል የገባሁት። የአክንባሎው ክንፍ ስፋት ከሞገዱ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው፣ ሞገዱ ዘገምተኛ ከሆነ ክንፉ ቁልቁል ይወርዳል ጠባብ ይሆናል፣ ፈጣን ከሆነ ዘርጋ ይላል። ሶፍትዌሩ ላይ የተሳለ ቅስት አምጥተህ እውነተኛው ላይ ትደርበዋለህ፣ እስኪገጥም ድረስ ፍጥነቱን ትቀያይራለህ፣ የገጠመበት ቁጥር የአፈሩ ፍጥነት ነው። መሬቱ ራሱ ነገረህ ማለት ነው። ቱቦውን በሰያፍ ካቋረጥከው ግን ክንፉ ያለ አግባብ ይሰፋና ፍጥነቱን አብዝተህ ታነባለህ፣ ቀጥ አድርገህ አቋርጥ።

ብረትና ባዶ ቦታን የሚለየው የሞገዱ አቀባበል ነው። እያንዳንዱ ነገር ዳይኤሌክትሪክ የሚባል፣ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያሳይ ቁጥር አለው፣ አየር 1፣ ደረቅ አሸዋ ከ3 እስከ 5፣ ውሃ 80 አካባቢ። ሞገዱ ከአፈር ወደ አየር ሲገባ ይፈጥናል፣ የተመለሰው ምልክት የተላከውን መስሎ ይመጣል። ብረት ላይ ወይም ውሃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ተገልብጦ ይመጣል፣ ጥቁር የነበረው ነጭ፣ ነጭ የነበረው ጥቁር። የባለሙያ ዓይን መጀመሪያ የሚፈልገው ይሄን ነው። ከዚያ ደግሞ ብረት ከስሩ ምንም አያሳልፍም፣ ስክሪኑ ላይ ከጫፉ በታች እንደ መሰላል እየደጋገመ ይጮሃል፣ ፕላስቲክ ቱቦ ግን ስለሚያስተላልፍ አንዳንዴ የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈር ለየብቻ ታያለህ። ፒቪሲ ውሃ ከሞላበት ደህና ይታያል፣ ባዶውን ከሆነና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው። የቱቦውን ስፋት ግን ከአክንባሎው አንብቤ ነገርኩህ የሚልህን ብዙም አትመነው፣ ባለ 2 ኢንችና ባለ 4 ኢንች በብዙ አፈር ላይ መንታ ነው የሚመስሉት።

ጥያቄ፦ «ኮላ ድባ ነው ያለነው፣ መሬታችን ዋልካ ነው። ማሽንህ እኛ ጋ መጥቶ የጉድጓድ ውሃ ያለበትን ቦታ ሊያሳየን ይችላል ወይ? መቼስ ልትመጣ ትችላለህ?»

መልስ፦ አያ ገበሬ፣ ገንዘብዎን አልበላም። እናንተ አገር ደንቢያ ላይ ጂፒአር ይዞ መምጣት በጋቢ ተሸፋፍኖ የተኛ ሰውን በሹክሹክታ እንደመጥራት ነው። ዋልካ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ ይሄ ለራዳር መርዝ ነው፣ ሞገዱ ሩቅ ሳይሄድ እዚያው ይጠጣል፣ ክረምት ላይ በራሰ ዋልካ ግማሽ ሜትር ካየሁ ዘፈን እዘፍናለሁ። በጋ ሲሰነጣጠቅ ትንሽ ይሻላል፣ ግን ስንጥቁ ራሱ በየቦታው ይጮህና ሌላ ራስ ምታት ነው። ለጉድጓድ ውሃ የሚሆነው መሬት ላይ ብረት ችካል ተክሎ ኤሌክትሪክ እየላከ የሚለካው ዘዴ ነው፣ እሱ ጭቃ አያስፈራውም፣ ወደ ጥልቅም ይወርዳል። ለወረዳ ውሃ ቢሮ ሄደው ያንን ይጠይቁ።

ከተማ ላላችሁት ግን ወቅቱን ልንገር፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጥሩ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባትደውሉልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «አያቴ ከፋሲል ግንብ ተነሥቶ እስከ ቁስቋም የሚደርስ የምድር ውስጥ መንገድ አለ እያሉ ነው ያሳደጉን። በራዳር ማረጋገጥ አይቻልም? ለምን ማንም አይሞክርም?»

መልስ፦ ይሄን ተረት ያልሰማ የጎንደር ልጅ የለም፣ እኔም ልጅ እያለሁ ግንቡ ጥግ ያለ ቀዳዳ ሁሉ መግቢያው ነበር የሚመስለኝ። በመርህ ደረጃ ባዶ ዋሻ ለራዳር የሰርግ ምግብ ነው፣ ከድንጋይ ወደ አየር ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ። ችግሩ ቦታው ነው። ግንቡን የከበበው አጥር ብቻ 900 ሜትር ነው፣ ከውስጡ ከአፄ ፋሲል ጀምሮ ነገሥታት እየተፈራረቁ ሠርተዋል፣ የፈረሰው በፈረሰው ላይ ተደልድሏል፣ ጣሊያንም የራሱን ጨምሮበታል፣ ስለዚህ ከላይ ያለው አንድ ሜትር ሜትር ተኩል የተሰባበረ ድንጋይና ኖራ ነው፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን አክንባሎ ይሠራል። ገበያ መሃል አንድ ሰው ሲጠራህ ድምፁን እንደመለየት ነው።

ፈርዖን ቱታንካሙን መቃብር ላይ የሆነውን ታውቁ እንደሁ፣ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አንድ ተመራማሪ ከግድግዳው ጀርባ የተደበቀ ክፍል አለ አለ፣ በራዳር ተፈተሸ፣ አዎ ባዶ ቦታ ይታያል ተባለ፣ ዓለም ጉድ አለ፣ ሌላ ቡድን ሲፈትሽ አላየሁም አለ፣ በ2018 አንድ የጣሊያን ቡድን በተለያየ አንቴና ደጋግሞ አይቶ ምንም ክፍል የለም ብሎ ዘጋው። ያው ግድግዳ፣ ያው ዓይነት ማሽን። በኔ እምነት ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ ሰው ማየት የሚፈልገውን ነገር ስክሪኑ ላይ ፈልጎ ያገኘዋል፣ እኔም አያቴ የነገሩኝን ይዤ ግንብ ውስጥ ብገባ ዋሻ ሳላገኝ አልወጣም።

በጎ ምሳሌም አለ፣ አገራችን ውስጥ። የአክሱም ሐውልት በ2005 እንደ ፈረንጆቹ ከሮም ሲመለስ ዩኔስኮ የሚተከልበትን ቦታ በራዳርና በኤሌክትሪክ መለኪያ አስፈትሾ ከመኪና ማቆሚያው ስር ሳይቀር ትላልቅ የመቃብር ክፍሎች ታይተዋል። ልዩነቱን አስተውሉ፣ ሁለት ዘዴ ነው የተጠቀሙት፣ ራዳሩ ብቻውን አልመሰከረም።

ስለዚህ የሚሞክር ቢገኝ እንዲህ ቢያደርግ እላለሁ፣ ከግንብ እስከ ቁስቋም ሙሉውን መንገድ መጥረግ አያስፈልግም፣ መንገዱ ካለ አንድ ቦታ ላይ ከላዩ አቋርጦ ማለፍ ይበቃል፣ ከግንቡ ውጪ ፍርስራሽ የሌለበት መስመር መርጦ ዝቅ ባለ አንቴና፣ 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ከኤሌክትሪኩ ጋር አጣምሮ በበጋ ማቋረጥ። ፈቃዱ ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ መሬት ባይቆፈርም ቦታው የዓለም ቅርስ ስለሆነ። መቃብርን በተመለከተ ለጠየቃችሁ አንድ ቃል፣ ራዳር አጥንት አያሳይም፣ የሚያሳየው አፈሩ ተቆፍሮ መመለሱን ነው፣ ሣጥን ካለና ውስጡ ገና ባዶ ከሆነ ደግሞ ያን ባዶነት።

ጥያቄ፦ «ስልኬ ላይ የጎልድ ዲቴክተር አፕ ጭኜ ጓሮ ላይ ይጮሃል፣ ልቆፍር?»

መልስ፦ አትቆፍር። ስልክህ ውስጥ ለኮምፓስ የተገጠመች ማግኔት መለኪያ አለች፣ አፑ የሚያነበው እሷን ነው፣ እሷ ደግሞ የምታውቀው ብረት ነው፣ ወርቅ ማግኔት አይስበውም። ካላመንከኝ የእናትህን የጋብቻ ቀለበት አስጠጋለት፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ መቀስ አስጠጋለት። ጓሮህ ውስጥ ያለው ምናልባት የድሮ ቆርቆሮ ነው።

ጥያቄ፦ «ሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ በስቼ የፍሳሽ ቱቦ ላሳልፍ ነው፣ ፌሮ እንዳልቆርጥ ማየት ይቻላል?»

መልስ፦ ለዚህማ ራዳር የተፈጠረ ነው፣ እንደ ጫማ ሣጥን የምታክል ባለ 1600 ሜጋኸርዝ ትበቃለች፣ አርባ ሳንቲም ገደማ ታያለች፣ ፌሮዎቹ እንደ ረድፍ ወታደር ይሰለፋሉ። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ግን ገና ውሃ አለበት፣ ሲደርቅ ይሁን። ባለ ብሎኬት ሶሌታ ከሆነ የብሎኬቱ ቀዳዳ ስለሚያምታታ አስቀድመህ ንገረው።

ጥያቄ፦ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ መንገድ ላይ ስትገፉት በአጠገቡ አለፍኩ፣ ጨረሩ ይጎዳኝ ይሆን?»

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ጉልበቱ ቦርሳሽ ውስጥ ካለው ሞባይል ያንሳል፣ ያውም ወደ መሬት ነው የሚረጨው፣ እንደ ኤክስሬይ ዓይነት ጨረርም አይደለም። በሰላም ያገላግልሽ።

ጥያቄ፦ «8ኛ ክፍል ነኝ። ማርስ ላይም እንደዚህ ያለ ራዳር አለ የሚባለው እውነት ነው? ያንተንስ ማየት እችላለሁ?»

መልስ፦ እውነት ነው፣ ፐርሲቪራንስ የምትባለው ተሽከርካሪ በየካቲት 2021 እንደ ፈረንጆቹ ማርስ ላይ ስታርፍ ሪምፋክስ የሚባል የኖርዌይ ሥራ ራዳር ሆዷ ስር ይዛ ነበር፣ እየሄደች በየ10 ሳንቲሙ ከስሯ ያለውን ንጣፍ ታነባለች፣ ከአሥር ሜትር በላይ ጥልቀት ድረስ ማየት ትችላለች። እኔ እዚህ ከዋልካ ጋር ስታገል እሷ ደረቅ አገር አግኝታ ትንሸራሸራለች፣ ቀናሁባት። አንቺ ልበል አንተ አላወቅኩም፣ ስም አልጻፍክም፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፒያሳ ፖስታ ቤቱ ፊት ነን፣ ከወላጅ ጋር ና፣ አንድ መስመር ራስህ ትገፋለህ። ቀስ ብለህ፣ ቀጥ ብለህ፣ ጠመኔው ላይ ሳትረግጥ።